ያባኒው ሚኒስትር ወንበሩን የለቀቀ ጊዜ

በእኛ ጊዜ እኮ ልጆቼ፣ ወንበር የያዘ ሰው አይለቅም፤ ወይ ይሞትበታል፣ ወይ ጎትተው ያወርዱታል። በፈቃዱ የለቀቀ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ጃፓናዊ ነው። ስሙ ለምላሳችን ስለከበደን በዓረብኛ ያባኒ፣ ጃፓኑ፣ ነበር የምንለው፤ እሱም አቤት ይላል።

ታዲያ ይህ ሰው በእንግሊዝ ጊዜ እዚሁ የመን ዓደን፣ የመርከብ ኦፊስ ውስጥ አብሮኝ ጸሐፊ ነበር፤ ክሬተር ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር፤ እና ሻይ ስንጠጣ "አገሬ ገብቼ ፓርላማ እመረጣለሁ" ይለኛል። "ማን ያውቅሃል አንተን?" ስለው፣ "እየዞርኩ ሰላም እላቸዋለሁ" ይላል።

አገሩ ገባ፣ ተወዳደረ፣ ተሸነፈ፤ ደግሞ ተወዳደረ፣ ደግሞ ተሸነፈ። "ተው ይቅርብህ" ብዬ ጻፍኩለት፤ "ሰላም ያላልኳቸው ሰዎች ገና አሉ" ብሎ መለሰልኝ። እና በሦስተኛው ገባላችሁ፤ ቆይቶም ሚኒስትር ሆነ። እኔም እዚህ የሐበሾቹ እድራችን ሊቀመንበር ሆንኩ፤ ሁለታችንም ባለወንበር።

ታዲያ አንድ ቀን ማዕበል ይመጣል የሚል ማስጠንቀቂያ ከእሱ መሥሪያ ቤት ለአንድ የዓሣ አጥማጆች መንደር ሳይደርስ ቀረ፤ ሁለት ሰው ባሕር በላው። የረሳው አንድ ሠራተኛ ነው፣ እሱ አይደለም። እሱ ግን "ያላደረስኩት እኔ ነኝ" ብሎ፣ በሕዝብ ፊት ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠይቆ ለቀቀ። ይህን የጻፈልኝን ደብዳቤ ሳነብ "ሞኝ ነው ይሄ ሰው" ብዬ ሳቅኩበት። እሱ ግን መንደሩ ሄዶ በየቤቱ ለቅሶ ደረሰ፤ በሚቀጥለው ምርጫ ያው መንደር ድምፁን ሰጥቶ ፓርላማ መለሰው።

አሁን የእኔን ስሙ። አምና አል-ዐሪሽ ሰፈር አንዲት እናታችን አረፉ። የእድራችን ለፋፊ፣ ሞት ሲሆን በየቤቱ እየዞረ የሚናገረው፣ ረስቶ ለማንም ሳይናገር ቀረ፤ እና ጀናዛቸውን የተሸከሙት ከመስጊድ የወጡ መንገደኞች ናቸው፣ ከእኛ አንድ ሰው የለም። ልጃቸው ኢብራሂም ቤቴ ድረስ መጣ።

"ሐጂ፣ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ለቅሶ ስትደርስ ኖረች። የእሷን ማን ደረሰ?"

"ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ጥፋቱ የለፋፊው ነው እኮ" አልኩት።

"እኔ የማውቀው ሊቀመንበሩን ነው" ብሎኝ ሄደ።

ወላሂ፣ ያን ሁሉ ዓመት የሳቅኩበት ያባኒ ያን ቀን ገባኝ፤ አፈርኩ።

ሼክ ዑስማን ሰፈር ስብሰባ ጠራሁና "ያላደረስኩት እኔ ነኝ፣ ለቅቄያለሁ" አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ "አይሆንም ሐጂ፣ በአላህ!" እያሉ እስኪለምኑኝ ነበር የምጠብቀው። ታዲያ አንዱ ብድግ አለና "ጀዛከላህ ኸይር ሐጂ፣ አላህ ይክፈልህ። በል እንግዲህ ማንን እንምረጥ?" አይል መሰላችሁ? ብሞት እንኳ ትንሽ ያለቅሱ ነበር። በማግስቱ ኢብራሂም ቤት ሄጄ ለቅሶ ደረስኩ፤ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

"ያባኒውስ ተመልሶ ተመረጠ፤ እርስዎስ ሐጂ?" (ከአድማጮቹ አንዱ)

እኔማ ዘንድሮ ተወዳደርኩ። ሁለት እጅ ወጣልኝ።

"ሁለት ብቻ?"

አንዱ የራሴ ነው። (ሳቁ) ሁለተኛው የኢብራሂም ነው። እሱ ይበቃኛል።