ጠጅቱ አትጥሪኝ

በ1931 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ከሰንጋ ተራ ወደ ልደታ ስመለስ ማንም ከማይቆምበት ስፍራ አንድ ከሲታ ሰው ቆሞ አየሁ። በየካቲቱ እልቂት ጊዜ የተቃጠለ ቤት የነበረበት ስፍራ ነው። ሣሩ ከወገብ በላይ አድጎ ከብት እንኳ አይግጠውም። የሰፈሩ ልጆች ጆሯቸውን በእጃቸው ደፍነው፣ «ጠጅቱ አትጥሪኝ! ጠጅቱ አትጥሪኝ!» እያሉ በአጠገቡ ሮጠው አለፉ።

ሰውዬው አንዷን አስቁሞ፣ «ጠጅቱ ማን ናት?» አላት።

«ጋኔኗ ናታ! እዚህ ውስጥ ሆና ሰው ትጠራለች። አቤት ያለ ይቃጠላል» ብላ ፈተለከች።

ዘወር ሲል ለየሁት። ጣሊያን ትምህርት ቤታችንን ሳይዘጋ ያስተማርኩት ሙለታ ነው። እልቂቱ የጀመረ ዕለት ከመንገድ ተይዞ ወደ ሱማሌ እስር ቤት ተግዞ ነበር። ጠጅቱ ደግሞ እናቱ ናት።

«መምህር፣» አለኝ፣ «እናቴ መሞቷን እዚያው እስር ቤት ሳለሁ ሰምቻለሁ። ጋኔን መሆኗን ግን ገና ዛሬ ሰማሁ።»

ወሬው ከማን እንደተነሣ ስለማውቅ፣ የእናቱ ጎረቤት ወደነበሩት ወደ እማማ ወለተሰንበት ቤት ወሰድኩት። አሮጊቷ አቅፈውት አለቀሱ። ስለ ጋኔኗ ሲጠይቃቸው ግን እንባቸውን ጠርገው ቀና አሉ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት። ልጆቹ አመዱን እየጫሩ አጥንት ማውጣት ጀመሩ። ‹የማን ነው?› ሲሉኝ ምን ልበል? ጣሊያን ከነነፍሷ አቃጠላት ብላቸው ነገ መንገድ ላይ ይደግሙታል። ሰላቶ ቢሰማ ማን ይተርፋል? ጋኔን አለ አልኩ፤ ሸሹ። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው፣ ልጄ?»

«እማማ፣ ልጆቹን አድነዋል፤ አልክድም» አለ ሙለታ በትሕትና። «ነገር ግን ያስቡት። ጠላት በጋዜጣው ‹ሽፍታ ቀጣሁ› ይላል። እኛ ‹ጋኔን አለ› እንላለን። በሁለቱም ቃል ውስጥ ገዳይ የለም። ነገ ታሪካችንን የሚጠይቅ ትውልድ ሲመጣ ከነዚህ ከሁለቱ በቀር ምን ያገኛል?»

«እውነቱን እኛ እናውቀው የለም እንዴ!»

«እናውቃለን ይላሉ። ሰፈሩ ግን ከአፍ ወደ አፍ ያለፈውን ነው የሚያምነው።»

እማማ ወለተሰንበት ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ ራሴ የፈጠርኩት ነው አይደል? አሁን አሁን እኮ እኔም እሰማታለሁ» አሉ።

ሙለታ ጠጋ ብሎ፣ «ምን ስትል?» አላቸው።

«‹ሙለታ! ሙለታ!› ስትል።»

ውጭ ነፋሱ በሣሩ ውስጥ ያንሾካሹካል። ሁላችንም ጆሯችንን ወደዚያው ጣልን። ሙለታ የአሮጊቷን እጅ ይዞ፣ «እማማ፣ ቤቱ ሲነድ የት ነበሩ?» አላቸው።

«እዚሁ፣ አልጋ ሥር ተደብቄ።»

«እንግዲያው ጋኔን አይደለም። የዚያን ዕለት በጆሮዎ የሰሙት ነው። ላለመናገር ቢቀብሩት ድምፅ ሆኖ መጣብዎ። ለጠላት ዝም እንበል፤ ለልጆቻችን ግን ስለ ምን? በር ዘግተን፣ ልብ ለገዛው ሁሉ እንንገር።»

አሮጊቷ በነጠላቸው ተሸፍነው ረጅም ጊዜ አለቀሱ።

በማግስቱ ልጆቹን ጓሯቸው ሰብስበው በሩን ዘጉ። «ጠጅቱ ጋኔን አይደለችም» አሏቸው። «ቅቤ የምትነግድ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን፣ ከእናንተ ግማሾቻችሁን ያዘለች ጎረቤቴ ናት። ጣሊያኖች ቤቷን ዘግተው አቃጠሏት። ይህን ከዚህ ግቢ ውጭ እንዳትናገሩ፤ እንዳትረሱትም።»

«ታዲያ ለምን ትጠራናለች?» አለች አንዷ።

«እናንተን አይደለም፤ ልጇን ነው። ያውላችሁ፣ መጥቷል።»

ልጆቹ ሙለታን አተኩረው አዩት። ያችው የጠየቀችው ልጅ ቀስ ብላ ሄዳ እጁን ያዘችው።

ከዚያ ወዲያ አጥንቱን ለቅመን በነጠላ ጠቅልለን ልደታ አጸደ ቤተ ክርስቲያን አስቀበርን፤ ፍትሐትም ተደረገ። ይህን ያየ ጎረቤት ሁሉ የራሱን ሟች ስም ይዞ በየጓዳው ይናገር ጀመር፤ አንዱ የተሳሳተውን ሌላው ያርመዋል፤ ያልነበሩት ካዩት ይሰማሉ። የሕዝብ ታሪክ የሚጠበቀው እንዲህ ነው። ልጆቹ በዚያ ሜዳ ሳይሮጡ ማለፍ ለመዱ። በሰፈራችን ጋኔን ጠፋ፤ ለካስ ያ ሁሉ ሰው ሞቶብን ኖሯል!