የአሌፍን መልክ ፍለጋ

ፍኖተ ሰላም ኢንተርኔት ቤት ስሠራ ነው። ዳዊት የሚያስተምሩ አንድ የኔታ ገቡና፣ «ልጄ፣ ዳዊት መቶ አሥራ ስምንት ላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያልሁ አረጀሁ። የዕብራይስጥ ፊደላት ናቸው፤ ስማቸውን እንጂ መልካቸውን አላውቅም። ዓይኔ ሳይከዳኝ አሳየኝ» አሉኝ። ፈልጌ ገጹን ብከፍተው፣ ከላይ እስከ ታች ባዶ ሳጥን ብቻ! የኔታ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ሁሉም መልካቸው አንድ ነው እንዴ?» አሉ።

«የለም የኔታ፣ ኮምፒዩተሩ ላይ ፊደሉ ስላልተጫነ ነው። ቅርጹን ካላወቀ ሳጥን ያሳያል።»

«እንግዲያማ እንደኔው ነዋ! ስሙን ይዞ መልኩን አያውቅም።»

ፊደሉን አውርጄ እስክጭን መስመሩ እየተቆረጠ አንገላታኝ፤ እሳቸው ግን ከወንበሩ ንቅንቅ አላሉም። ገጹን መልሼ ስከፍተው ሳጥኖቹ ጠፍተው ፊደላቱ ከቀኝ ወደ ግራ ተሰልፈዋል። «አሌፍ የትኛው ነው?» አሉ። በቀኝ ጫፍ ያለውን አሳየኋቸው። የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ብድግ አሉና፣ ትልቅ እንግዳ እንደገባ ሁሉ፣ «ኖር!» አሉ። ቤት ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ፤ የገባ ግን የለም። እሳቸው እንደቆሙ ናቸው። መልስ ካላገኙ እንደማይቀመጡ ገባኝና በአሌፍ ፈንታ፣ «በእግዜር! ይቀመጡ የኔታ» አልሁ።