እናቴ ራሷን የጠቆመች ዕለት

«ሲስተር፣ ራስን መጠቆም እኮ ነውር ነው» አሉ ሰብሳቢው።

እናቴ አልተቀመጠችም። «ደንቡ ይከለክላል?»

«አይከለክልም፤ ግን አልተለመደም።»

«እንግዲህ ይለመዳላ። አጠገባችን ያለውን ሰው ጎንትለን አስጠቁመን፣ ከዚያ አልችልም እያልን ከምንለመን ይሻላል። እኔ ሊቀመንበር መሆን እፈልጋለሁ።»

ሃያ ሁለት አካባቢ ባለ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነን። እናቴ ነርስ ናት፤ የበጎ ፈቃድ የነርሶች ማኅበራቸው ምርጫ ላይ ነው። እኔ የመጣሁት ሲያልቅ አብረን ወደ የካ አባዶ ልንመለስ ብዬ ነበር። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እንኳ እጄን አላወጣም፤ ያን ጊዜ ጠረጴዛው ሥር መግባት አማረኝ። ከኋላችን አንዷ «ይቺ ሴትዮ ትንሽ አታፍርም?» ስትል ሰማሁ። እናቴም ሰምታለች፤ ዞር እንኳ አላለችም።

ቀጥሎ የነባሩ ሊቀመንበር የጋሽ ታምራት ስም ተጠቆመ። ከሁለቱ ሌላ ዕጩ የለም። ጋሽ ታምራት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ፈገግ አሉና «እኔ እንኳ ጊዜ የለኝም፤ ይቅርብኝ» አሉ። በየምርጫው እንዲህ ይላሉ አሉ፤ አዳራሹም ተነሥቶ ይለምናቸዋል። አንዳንዱ ሊለምን ብድግ ማለት ጀምሮ ነበር። እናቴ ቀደመችው።

«ጊዜ ከሌላቸው አናስቸግራቸው» አለች፣ በትሕትና።

ብድግ ያለው ሁሉ ቀስ እያለ ተቀመጠ። የሚለምን ጠፋ። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲያው ስምዎ ከዕጩነት ይውጣ፣ ጋሼ?» አሏቸው።

ቀና ብዬ እናቴን አየኋት። ከእሷ መወለዴን ማመን አቃተኝ።

ጋሽ ታምራት ኮታቸውን ከወንበሩ ላይ አነሡ። በእኛ ፊት አልፈው ወጡ።