እግራቸውን የደበቁት ዘበኛ

ጎረቤቴ የማዘጋጃ ቤቱ መጋዘን ዘበኛ እያነከሱ መድኃኒት ቤቴ ገቡና ግራ ቀኙን ቃኝተው በሩን ዘጉ።

«ለአንድ ወዳጄ የእግር ቁስል ቅባት ስጠኝ» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ወዳጅዎ ስኳር አለባቸው እንዴ?»

«ምን አገባህ?»

ከጫማቸው የሚወጣው ሽታ ወዳጅየው ማን እንደሆነ ነገረኝ። በሰው ነገር ጥልቅ ማለት አልወድም፤ እያነከሱ ማየቴ ግን አንጀቴን በላው። ይህን ጊዜ ሕግ የምትማረው የእህታቸው ልጅ የራስ ምታት መድኃኒት ልትገዛ ገባች። ከሽታው ነገሩ ለእሷም ገባት።

«ጋሼ! ይህ እግር ሐኪም ይፈልጋል።»

«ቀስ በይ! ጤና ጣቢያው የመንግሥት፣ መጋዘኑም የመንግሥት። እዚያ ስሜ ሲጻፍ እዚህ አለቃዬ ይሰማል። በሽተኛ ብለው ያባርሩኛል፤ ከዚያ ምን ልበላ ነው?»

«አሁን እኮ ሕግ ወጥቷል። አንዱ መሥሪያ ቤት የያዘውን የሰው ምስጢር፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወይም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ለሌላው ቢሰጥ ይቀጣል።»

«ወይ የኔ ልጅ! ሕጉን ጽፈው አስቀምጠውታል፤ ወሬውን ማን ይዞት?»

እውነት ለመናገር እኔም በልቤ ከእሳቸው ጋር ነበርኩ። ቢሮ ውስጥ የተነገረ ነገር ሳይዞር ሲቀር መቼ አየን?

«እንግዲያው ይፈትኗቸው» አለችና ጤና ጣቢያው ጋ ደውላ፣ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ስልኩን ሰጠቻቸው።

የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ስታነሳ ጉሮሯቸውን ጠርገው የአለቃቸውን ድምፅ አወጡ። «ሄሎ! የማዘጋጃ ቤቱ አስተዳደር ኃላፊ ነኝ። የመጋዘን ዘበኛችን እናንተ ጋ ታክሞ እንደሆነ ንገሪኝ!»

«ይቅርታ ጌታዬ፤ ታክመዋል አልታከሙም ማለት እንኳ አልችልም። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የራሳቸውን ፈቃድ ያምጡ።»

«አለቃው ነኝ እያልኩሽ!»

«ሚኒስትርም ቢሆኑ ያው ነው።»

«ከሥራሽ ነው የማስባርርሽ!»

«ሕጉን ጠበቀች ብለው ያስባርሩኝ።»

ሽማግሌው ደማቸው ፈላ። «አንቺ ልጅ፣ ዘበኛው እኔው ራሴ ነኝ እኮ!»

«እንግዲያው አባባ፣ በአካል ይምጡ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አለን።»

እኔ በሳቅ ልሞት ደረስኩ። እሳቸው ግን ስልኩን ለልጅቷ መለሱላት።

«ያን ያህል ጮኼባት አልነገረችኝም» አሉ።

«አለቃ ሲጮህባት መመለሻ ያገኘችው በሕጉ ነው፣ ጋሼ።»

በዚያው ቀን ሄዱ። ሐኪሙ አንዲት ጣት ቆርጦ እግራቸውን አተረፈ፤ ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ እስከ ጉልበት ይቆረጥ ነበር። ለአለቃቸው በደረሰው የሕመም ፈቃድ ላይ የበሽታው ስም የለም፤ ሥራቸውም አልተነካም። ሰው ምስጢሩ ከተነገረበት ቢሮ እንደማይወጣ ሲያምን ሳይደብቅ ይታከማል፣ ሲጠየቅም እውነቱን ይናገራል።

ትናንት መጥተው ፋሻ ጠየቁኝ። «ለእግርዎ ነው?» አልኳቸው።

«ምን አገባህ?» አሉኝ፤ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ ከት ብለው እየሳቁ። «ሕግ አለ እኮ!»