ከጋሽ ከሊል ሱቅ በላይ የሚያጠና ልጅ አለ

የምሸጠውን ብርድ ልብስ ልረከብ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ጀርሚስተን ታክሲ ተራ ስደርስ ሱሀይላ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። የጎረቤቴ የጋሽ ከሊል ልጅ ናት፤ የዘንድሮ ማትሪክ ተፈታኝ።

«ዛሬ ፈተና የላችሁም እንዴ?» አልኳት።

«አንቲ ባንቺ፣ የመለማመጃውን ጥዬ ወጣሁ። ወረቀቱን ሳይ ያጠናሁት ሁሉ ይጠፋብኛል። ማትሪኩንም አልፈተንም። ሲሪየስ ነኝ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«አባዬ ትልቁን ስፒከር በር ላይ ካቆመ ወዲህ። ክፍሌ ከሱቁ በላይ ነው፤ ሳጠና ወለሉ ይነዝረኛል። ሲጠፋም መቼ ይጀምር ይሆን እያልኩ እጠብቃለሁ።»

እኔ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት ነኝ፤ ስለ ጭንቀት በመጽሐፍ አላነበብኩም። ልጅ ከፈተና ስትሸሽ አይቼ ግን አልፌ አልሄድም። ብርድ ልብሱን ትቼ ይዣት ተመለስኩ።

ጋሽ ከሊል በራቸው ላይ ጫማ ይደረድራሉ። ዘፈኑ መንገዱን ሞልቶታል።

«ጋሽ ከሊል፣ ይህን ነገር ያጥፉልኝ።»

«ምነው ባንቺ፣ በጠዋቱ ጸብ ነው? ካጠፋሁት ደንበኛው ከጎኔ አብዱልጀባር ሱቅ ይገባል።»

«ልጅዎ ማትሪክ አልፈተንም እያለች ነው። እንቅልፍም ልብም ያሳጣት ይሄ ጩኸት ነው።»

«ስንፍና ነው። እኔ በጩኸት መሃል ስነግድ ኖሬያለሁ፤ ምን ሆንኩ?»

«ጆሮዬ ስር ቆመው እየጮኹ ነው የሚያወሩኝ። ይኸው ሆኑ።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። እሳቸው ግን ፊታቸውን አጠቆሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ይሄዳል፤ እኔ ካርቶን ስቤ ተቀመጥኩ።

«አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ሶላት ሲደርስ ለምን ያስጠፉታል?»

«ልብ ይበተናላ። እንዴት አድርጌ እቆማለሁ?»

«እሷስ በየትኛው ልቧ ታጥና?»

«ሶላትን ከሂሳብ ትምህርት ጋር ልታስተካክዪ ነው?»

«ኧረ አላስተካክልም። የሰው ጆሮ ግን አንድ ዓይነት ነው። እርስዎን ለጥቂት ደቂቃ የሚበትን ነገር እሷን ከትምህርት ቤት መልስ እስኪመሽ ምን ያደርጋት ይመስልዎታል?»

ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር አባ። ሙዚቃው ጮኾ አልሰማኸኝም።»

ጋሽ ከሊል ማንንም አላዘዙም። ጎንበስ ብለው ሶኬቱን ራሳቸው ነቀሉት።

የሱሀይላ ፍርሃት በአንድ ቀን አልለቀቃትም። ግን መተኛት ጀመረች፤ ያነበበችው ይያዝላት ጀመር፤ ማትሪኩንም ገብታ ተፈተነች። ደንበኛም አልሸሸም። ማማዎቹ፣ የአገሬው ሴቶች ደንበኞቻችን፣ ዋጋ ጠይቀው መልሱን ስለሚሰሙ ቆመው ይከራከራሉ፤ ተከራክረውም ይገዛሉ። ጋሽ ከሊል ራሳቸው የቆየው ራስ ምታቴ ተወኝ ይላሉ።

እናንተም ሱቅ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ልጅ የምታስተምሩት በክፍያ ብቻ አይደለም፤ ጸጥታም ስጡት። አብዱልጀባር አሁንም ያስጮኻል፤ ከሱቁ በላይ የሚያጠኑ ልጆች አሉት። ካርቶኔን ይዤ እሱ በር ላይ መቀመጥ ጀምሬያለሁ። ተነሺ ብሎኛል፤ አልተነሳሁም።