የማር ቤቱ አዲስ አድራሻ

ከአሰንዳቦ ወደ ጅማ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ማር ነጋዴ ሃጂና ዌብሳይታቸውን የሠራችላቸው ተማሪ ያወራሉ።

«የሱቁን ስም ስንቀይር የዌብሳይቱም አድራሻ ተቀየረ አልሽኝ። ሰው ኢንተርኔት ላይ ማር ሲፈልግ ከፊት እወጣ ነበር፤ አሁን ከኋላ ልቀር ነው?»

«አይቀሩም፣ ሃጂ። አሮጌውን አልዘጋሁትም እኮ።»

«እኔ ሱቄን ወደ ጅማ ሳዛውር ዘግቼ ነው የሄድኩት። ደንበኞቼ የተቆለፈውን በር አይተው ሞተ አሉኝ፣ ወላሂ!»

«ለዚህ ነዋ ያልዘጋሁት። አሮጌውን የከፈተ ሰው ሳይታወቀው አዲሱ ላይ ይገኛል። የነጭ ማሩ ገጽ ወደ ነጭ ማሩ፣ የሰሙም ወደ ሰሙ።»

«ሁሉንም ወደ መግቢያው ገጽ ብትልኪው ምን ነበረበት?»

«የፈለገውን ሲያጣ ተመልሶ ይሄዳላ! የኢንተርኔት ፍለጋውም ወደ ታች ያወርድዎታል።»

«ኤዬ። እና ወረድኩ?»

«ወሩን ሙሉ ስከታተል ነበር። እንኩ ስልኬን፣ ራስዎ ፈልገው ይዩት።»

«የጅማ ማር... የመጀመሪያው... ያ ረቢ፣ የኔ ነው! በአዲሱ ስም!»

«አላልኩዎትም?»

«አልሃምዱሊላህ! እስቲ አሁን ማነው ሞተ የሚለኝ?»

እኔም በአሮጌው ቁጥር የሚፈልገኝ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ፣ ስልክ ቁጥሬን ከቀየርኩ ወዲህ ያልነካሁትን አሮጌ ሲም ካርድ ከቦርሳዬ ውስጥ መፈለግ ጀመርኩ።