ማመልከቻ ጸሐፊውና የታሪክ ፈተናው

በፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ ቆርቆሮ በለበሰ ጠባብ በረንዳ ሥር፣ ሦስት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ጠረጴዛቸውን ጎን ለጎን አድርገው ይሠሩ ነበር። በዕድሜ የሚበልጡት ሰው እዚያች ቦታ ከተቀመጡ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ጠበቃውም ዘበኛውም የሚጠራቸው «ቃል በቃል» እያለ ነው፤ የሕጉን አንቀጽ አንዲት ፊደል ሳይስቱ በቃላቸው ስለሚወጡት። ስሙ ለፌዝ የወጣ ቢሆንም እሳቸው እንደ ማዕረግ ተቀብለውታል።

እኚህ ሰው የሟች እህታቸውን ልጅ ያሳድጋሉ። ልጅቷ ባለፈው ዓመት የመጨረሻውን የትምህርት ቤት ፈተና ወስዳ፣ ሌላውን ሁሉ አልፋ በታሪክ ወደቀች። ደንቡ የሚፈቅደው አንድ ጊዜ ብቻ ደግሞ መፈተን ነው፤ የዘንድሮው ካመለጣት የኮሌጁ ነገር አበቃለት። አጎትየው «ልብሽ ሌላ ቦታ ነው፤ ያጠናሽውን ፈተና ላይ በተንሽው» ሲሏት ከርመው በመጨረሻ የራሳቸውን መላ ዘየዱ። ሁለት መቶ ዐሥራ ስድስት ገጽ ያለውን የታሪክ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር በቃሏ እንድትይዝ አዘዙ። በየቀኑ በምሳ ሰዓት በረንዳው ድረስ እየመጣች አንድ ምዕራፍ ታነበንብላቸዋለች። አንድ ቃል ከዘለለች እንደገና ከመጀመሪያው።

ፈተናው አምስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ፣ አንዲት ወጣት ሴት በእጇ ፋይል ይዛ ከጠረጴዛቸው ፊት ቆመች። ስሟ በልደት ወረቀቷ ላይ አንድ ዓይነት፣ በዲፕሎማዋ ላይ ሌላ ዓይነት ሆኖ ተጽፎባት መሥሪያ ቤቷ ቋሚ ሊያደርጋት አልቻለም። ታሪኩን አያቷ ስም ካወጡላት ቀን ጀምራ መናገር ያዘች።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ተዪው» አሉ ቃል በቃል፣ ወረቀት ወደ ጽሕፈት መኪናው እያስገቡ። «ዳኛው ምን እንዲያደርግልሽ ነው የምትፈልጊው?»

«ሁለቱም ስሞች የእኔ መሆናቸውን እንዲወስንልኝ።»

«ማስረጃሽስ?»

«የትምህርት ቤት መዝገብና ሁለት ምስክሮች አሉኝ።»

«እሱ ይበቃል። ተቀመጪ።»

ወጣቷ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠች የእህታቸው ልጅ መጣች። የምሳውን ሳህን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ፣ መጽሐፉን ለአጎቷ ሰጥታ፣ ዓይኗን ቆርቆሮው ላይ ተክላ ጀመረች። «የባቡር ሐዲዱ ሥራ በሦስት ምዕራፍ የተከፈለ ነበር። በመጀመሪያው ምዕራፍ...» ትንፋሽ ሳትሰበስብ ዘጠኝ ገጽ ወረደችው። አጎትየው በጣታቸው መስመር መስመሩን ሲከተሉ ቆይተው መጽሐፉን ዘጉና «አንድም አልሳትሽ» አሉ። ፊታቸው ፈካ።

«ይቅርታ አባቴ» አለች ወጣቷ ከአግዳሚው። «በሰው ቤት ጉዳይ ጥልቅ ማለት አይሁንብኝና፣ የምትዘጋጀው ለምን ዓይነት ፈተና ነው?»

«ለታሪክ። በጽሑፍ የሚያስረዱበት። ሁለት ጥያቄ ይመርጣሉ፤ ለእያንዳንዱ አርባ አምስት ደቂቃ ነው።»

«እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቃት?»

«ደስ ይለኛል። ከፈለግሽው ገጽ ጠይቂያት።»

መምህርቷ ወደ ልጅቷ ዞረች። «የከተሞችን ኑሮ ከሁሉም በላይ የለወጠው የባቡር ሐዲድ ነው ይባላል። በዚህ ምን ያህል ትስማሚያለሽ?»

«የባቡር ሐዲዱ ሥራ በሦስት ምዕራፍ የተከፈለ ነበር» አለች ልጅቷ። «በመጀመሪያው ምዕራፍ...»

«ቆይ እህቴ። እኔ ያልኩሽ ‹ምን ያህል› ነው።»

ልጅቷ አጎቷን አየች፤ መምህርቷን አየች፤ ከዚያ ሲሚንቶውን ማየት ጀመረች።

«ምን ጎደለባት?» አሉ ቃል በቃል ቆጣ ብለው። «ስለ ባቡር ተጠየቀች፣ ስለ ባቡር መለሰች። ከዚህ በላይ ምን ታድርግ፣ ባቡሩን ጎትታ ታምጣልሽ?»

«ስለ ባቡር የምታውቀውን ሁሉ ነገረችኝ። ጥያቄው ግን ባቡሩ ከሌላው ጋር፣ ከፋብሪካው፣ ከትምህርት ቤቱ፣ ከመኪና መንገዱ ጋር ሲመዘን ነው። እሱን አልመዘነችም።»

«መመዘን የእሷ ሥራ ነው? ሊቃውንቱ መዝነው በመጽሐፍ አስቀመጡላት። ትናንት የተወለደች ልጅ ከመጽሐፍ ጋር እስማማለሁ አልስማማም ልትል ነው? ይኼ ድፍረት ይባላል እንጂ ትምህርት አይባልም።»

«ድፍረት የሚሆነው ያለ ማስረጃ ስትናገር ነው፣ አባቴ። ማስረጃውን ከዚያው ከመጽሐፉ ካወጣችው መጽሐፉን አከበረችው ማለት ነው።»

«እሺ፣ እስማማለሁ ብትልና አራሚው የማይስማማ ቢሆንስ?»

«ታልፋለች። አልስማማም ብትልም ታልፋለች። አራሚው የሚያየው የቆመችበትን ወገን ሳይሆን እንዴት እንዳስረዳች ነው።»

«እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ስቀመጥ ሁለቱም ወገን የሚረታበት ችሎት አላየሁም» አሉ። አጠገባቸው ያሉት ጸሐፊ፣ የቀድሞ የችሎት ሬጅስትራር፣ በሳቅ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ቃል በቃል በዚህ ተበረታተው ቀጠሉ። «ነገሩን አታወሳስቢው፣ ልጄ። ባለፈው ዓመት የወደቀችው ስለረሳች ነው። ዘንድሮ አትረሳም። አለቀ።»

«ጋሼ፣ አልረሳሁም ነበር» አለች ልጅቷ።

ድምጿ ዝቅ ያለ ስለነበር አጎትየው በደንብ የሰሙት አልመሰሉም። እሷም ከጀመረች ወዲህ መመለስ አልቻለችም።

«የመጣው ጥያቄ የማውቀው ነበር። ስድስት ገጽ ሞላሁ፤ ተጨማሪ ወረቀት ሁሉ ጠየቅሁ። ከሃያ አምስት አራት ሰጡኝ። ወረቀቴን ለማየት ስሄድ ከዳር ‹የተጠየቀው አልተመለሰም› ተብሎ ተጽፎበታል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሰበብ ነው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።»

ሽማግሌው ወደ ጽሕፈት መኪናቸው ዞረው የመምህርቷን ማመልከቻ መምታት ጀመሩ። ዓመት ሙሉ የገሠጹት ጥፋት ያልተሠራ ጥፋት መሆኑን ሰው ፊት መስማት ቀላል አይደለም። ደግሞም እሳቸው በክፋት አላደረጉትም። በእሳቸው ጊዜ የተማረ የሚባለው በቃሉ የሚወጣው ነበር፤ መጽሐፍ ለሁሉም በማይደርስበት ዘመን ያ አያስነቅፍም። ስህተቱ ለዚያ ዘመን ያገለገለውን ለዚህም ያገለግላል ማለታቸው ላይ ነው።

ማመልከቻው ሲያልቅ ለመምህርቷ ሰጧት። ግማሽ ገጽ ነበር። አንብባ ቀና አለች።

«አባቴ፣ እኔ የአያቴን ነገር፣ ስሜን አሳስቶ የጻፈውን ጸሐፊ ነገር፣ ብዙ አወራሁልዎ። እዚህ ላይ አንዱም የለም።»

«ዳኛ እሱን ምን ያደርግለታል? የሚወስነውን በመጀመሪያው መስመር አስቀመጥኩለት፤ ማስረጃውን በተራ አስከተልኩ፤ ሌላው ወገን ‹ሁለት ሰዎች ናቸው› ቢል መልሱን አስቀድሜ አገባሁ፤ በመጨረሻ የምትለምኚውን። ይኸው ነው።»

«እኔም ለልጅቷ የምለው ይህንኑ ነው» አለች መምህርቷ። «ለጥያቄው መልሷን መጀመሪያ ላይ ታስቀምጥ። ማስረጃዋን በተራ ታስከትል። የማይስማማ ሰው የሚለውን አንስታ ትመልስ። በመጨረሻ ትደምድም። ማመልከቻ ሲጽፉ የሕጉን መጽሐፍ ሙሉውን አይገለብጡም፣ አይደል? የሚያስፈልግዎትን አንቀጽ ብቻ ይጠቅሳሉ።»

ቃል በቃል መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። እንደተረቱ ግን አላመኑም። «በወሬ አልለወጥም» አሉ። «በሁለቱም መንገድ ትጻፍና ይታይ።»

በማግስቱ ልጅቷ ያንኑ የባቡር ጥያቄ ሁለት ጊዜ ጻፈችው፤ አንዱን እንደ ለመደችው፣ ሌላውን መምህርቷ እንዳሳየቻት። አጎትየው ሁለቱን ወረቀቶች ምንም ሳይናገሩ ለሬጅስትራሩ ሰጡ። ሬጅስትራሩ የመጀመሪያውን እስከ ሦስተኛው ገጽ አንብበው «ይቺ ልጅ ብዙ ታውቃለች፤ ምን ልትለኝ እንደፈለገች ግን አልገባኝም» አሉ። ሁለተኛውን ጨርሰው ደግሞ «በዚህኛው አልስማማም» አሉ። «ፋብሪካው ይበልጣል ትላለች፤ ፋብሪካው የተተከለው ሐዲዱ ስላለ አይደለም እንዴ? ግን ተከራከረች። ቢያንስ የምትከራከረው አላት።»

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ወደ ቤት ሲሄዱ አጎትየው መንገዱ መሃል ቆም አሉ። «ዓመት ሙሉ ልበ ቢስ ስልሽ ነበር» አሉ። «ሳልጠይቅሽ ፈረድኩብሽ። ይቅር በዪኝ።» ልጅቷ ቦርሳቸውን ተቀበለቻቸውና አብረው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያሉት አምስት ሳምንታት በሥራ አለፉ። መምህርቷ ልጅቷን ልትረዳ ፈቅዳ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ትመጣ ነበር። መጀመሪያ ያደረገችው የስምንት ዓመት የፈተና ጥያቄዎችን ሰብስባ በጉዳይ በጉዳያቸው መለየት ነው። ያን ጊዜ ልጅቷ ሁለት መቶ ዐሥራ ስድስቱ ገጽ በሰባት ዋና ጉዳዮች ዙሪያ እንደሚሽከረከር አየች። ለእያንዳንዱ ጉዳይ ከመጽሐፉ አምስት ወይም ስድስት ጠንካራ ማስረጃ፣ ዓመቱን፣ ቁጥሩን፣ የተደረገውን ነገር መርጣ በአንድ ወረቀት ላይ አሰፈረች። በቃሏ የያዘችው ነገር እዚህ ላይ ጠቀማት፤ ማስረጃ ፍለጋ አልተንከራተተችም።

ቀጥሎ ጥያቄ ማንበብ ተማረች። «አወዳድር» ሲሉ አንዱን ተርኮ ሌላውን መተረክ አይደለም፤ ሁለቱን ፊት ለፊት ማቆም ነው። «ምን ያህል» ሲሉ መጠኑን መናገር ነው። «ምክንያቱን አብራራ» ሲሉ የሆነውን ሳይሆን ለምን እንደሆነ ነው። ብዕሯን ከማንሳቷ በፊት አምስት ደቂቃ ወስዳ የምትለውን በአራት አጫጭር መስመሮች ታቅዳለች።

አጎትየውም ዳር ቆመው አልቀሩም። የእጅ ሰዓታቸውን ጠረጴዛው ላይ ፈትተው አርባ አምስቱን ደቂቃ ይቆጥራሉ። ሲያበቃ አንቀጽ በአንቀጽ ያነቡና ማስረጃ ተጠቅሶ ማብራሪያ ሳይከተለው ሲቀር «ታዲያ ምን ይጠበስ?» ብለው ከዳር ይጽፋሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ይህቺ ጥያቄ በአንድ ወረቀት ላይ ሰባት ጊዜ ተጻፈች። በአራተኛው ሳምንት አንድ ጊዜ።

ክርክሩ ግን አላለቀም። አንድ ቀን አጎትየው «የሌላውን ወገን ሐሳብ ለምን ታነሳለች? የራስን ጉዳይ ማድከም አይሆንም?» ብለው መምህርቷን ያዟት።

«እርስዎ ማመልከቻው ላይ ‹ሁለት ሰዎች ናቸው› ቢሉ ብለው መልሱን ያስገቡት ለምን ነበር?»

«እነሱ ሳያነሱት ቀድሜ ለመዝጋት።»

«እሷም ለዚያ ነው።»

ሽማግሌው «ሁለተኛ ከአስተማሪ ጋር አልከራከርም» አሉ፤ በማግስቱ ግን ሌላ ጥያቄ ይዘው ጠበቋት።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ልጅቷ ወረቀቱን ስትገልጥ ከተለማመደቻቸው ጥያቄዎች አንዱም ቃል በቃል አልመጣም። ባለፈው ዓመት ቢሆን ይህ ብቻውን ያስደነግጣት ነበር። አሁን ግን ጥያቄዎቹን ሁለት ሁለት ጊዜ አነበበች፤ ዋናውን ቃል አሰመረችበት፤ ሁለቱን መረጠች። ስለ ገበሬዎች ዐመፅ የቀረበው ጥያቄ ግብር ብቻውን ምክንያት ነበር ወይ የሚል ነው። ‹ግብሩ ክብሪቱ ነበር፤ እንጨቱ ግን ከዚያ በፊት ደርቆ ነበር› ብላ ጀመረችና የመሬቱን፣ የድርቁን፣ የሹሞቹን ነገር በተራ አስከተለች። የጻፈችው ሦስት ገጽ ብቻ ነው።

ውጤቱ ሲወጣ ለሁለቱ ጥያቄዎች ከሃያ አምስት ዐሥራ ሰባትና ዐሥራ ዘጠኝ አገኘች። የክፍሉ አንደኛ አልሆነችም፤ ግን አለፈች፤ ለኮሌጅም ደረሰች። አጎትየው ወሬውን ለበረንዳው ሰው ሁሉ አዳረሱ። ከዚያ ወዲህ ልጅ የሚያስፈትን ባለጉዳይ ሲመጣባቸው ማመልከቻውን እየመቱ እንዲህ ይሉታል፤ «ልጅህ መጽሐፉን ይወቅ፤ ሳያውቅ የሚከራከር ለፍላፊ ነው። ካወቀ በኋላ ግን የተጠየቀውን ለይቶ መመለስ ይልመድ። የድሮ ጥያቄዎችን ሰብስብለት፤ ሰዓት ያዝለት፤ የጻፈውን አንብብለት። የወደቀ እንደሆነም ከመቆጣትህ በፊት እንዴት እንደወደቀ ጠይቀው።»

የዚህ ዓይነቱ ዝግጅት ጥቅም በፈተናው ክፍል አያበቃም። ማስረጃን ከወሬ መለየት የለመደ ሰው በገበያም በሥራም በቀላሉ አይታለልም። ሌላው ሰው ለምን በተለየ መንገድ እንደሚያስብ መገመት የለመደም ጠቡ ይቀንሳል። ይህን በቤታቸው ያዩት አጎትየው ራሳቸው ናቸው።

የኮሌጁ ቅጽ በመጣ ጊዜ እሳቸው ሕግ እንድትማር ቆርጠው ነበር። እሷ ግን የመሬት ቅየሳ ነበር የፈለገችው። በፊት ቢሆን አንገቷን ደፍታ ያሏትን ትሞላ ነበር። አሁን ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ከአጎቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ሕግ የመረጡልኝ እዚህ ያለውን ሥራ ስለሚያውቁትና ሊረዱኝ ስለሚችሉ ነው። ልክ ነዎት። እኔ ግን በሒሳብ ነው የምበልጠው፤ ውጤቴን ይዩት። ደግሞ እርስዎ ከሚጽፉት ማመልከቻ አብዛኛው የድንበር ክርክር ነው፤ መሬቱን በትክክል የሚለካ ሰው ቢኖር ግማሹ ፍርድ ቤት ባልደረሰ ነበር።»

አጎትየው ሁለት ጥያቄ ጠየቋት፤ ሁለቱንም መለሰች። ሦስተኛውን ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈት አድርገው ተዉት። እስክሪብቶአቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ‹አሳዳጊ› ከሚለው ቃል ፊት ለፊት ፈረሙ።